ስም ሳንጠራ የወጣንበት ቀትር

ባለፈው ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ከአንዲት ቲማቲም ሻጭ ጋር ስከራከር፣ ከጎኔ አንዲት ሴት ድምጿን ከፍ አድርጋ «ኢፍቱ ነኝ» አለች። ማንም ማን ነሽ ብሎ አልጠየቃትም። ሻጯ ግራ ገብቷት ቀና አለች፣ እኔ ግን የያዝኩት ፌስታል ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ሰው መሃል ሲገቡ ሳይጠየቁ ስምን መናገር የእኛ የሐሙስ ሰዎች አመል ነው፤ ድሬ ላይ ከእኛ ሌላ የሚያደርገው አላውቅም። ዞር ብዬ «ሙሉ ነኝ» አልኳት። ነጩን ዘንጓን ብብቷ ውስጥ ከታ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችና «አውቄሻለሁ አቦ፣ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም እንዲህ የሚሟገት ሌላ ማን አለ?» ብላ ሳቀች። ያቺ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ልጅ ወፍራለች፣ የሦስት ልጆች እናት ሆናለች፣ እዚሁ ከተማ ታስተምራለች። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴም ደረጃ መውደድ ትቷል። ከባጃጁ ጥሩምባ ሸሽተን በርበሬ ተራ ጥግ ቆምን፤ እያስነጠስን ስለ ልጅ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። በጨዋታ መሃል አንድ ነገር ነገረችኝ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ሐሙስ ምን እንደነበረ ላውራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም፣ እኔም ብሆን ለመናገር ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል።

ያኔ እዚሁ ድሬ፣ ኮሌጅ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ያለውን የተማሪዎች ዝግጅት የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ዲኑ ጠራኝና «ሙሉ፣ አንቺ ያዢው» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ዲኑን አንተ እለዋለሁ፣ ተማሪው አንቺ ይለኛል፣ ማንም በማንም አይከፋም። ከእኔ በፊት ዝግጅት ማለት እግር ላለው ኳስ፣ መልክ ላለው ድራማ ነበር። የቀረው ማደሪያው ውስጥ ተጋድሞ ጣሪያ ላይ ሲያፈጥ ይውላል። ይሄ ነገር ያበግነኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ስበግን አፌን መያዝ አላውቅበትም። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ዓይነ ስውሩም፣ መስማት የተሳነውም፣ ዊልቸር ላይ ያለውም፣ ኪሱ ባዶ የሆነውም፣ አማርኛ የማይቀናውም ካልገባበት ዝግጅት አይባልም» አልኩ። አጨበጨቡልኝና ሥራውን በሙሉ ጫኑብኝ።

ግቢያችን አዳራሽ አልነበረውም። ለየሐሙሱ ዝግጅታችን የሰጡን ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ የባቡር ሰዎች በደጉ ጊዜ የሠሩትን አሮጌ ፎቅ ነው። ሃያ ሁለት የእንጨት ደረጃ ተወጥቶ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከአናቱ ቆርቆሮ። የዚያን ጊዜውን ከዚራ ያየ ያውቀዋል። ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው መንገዱን ያለብሱታል፤ ዛሬም አሉ፣ ግን ከሥራቸው የሚቆመው መኪና በዝቶ ጥላው የጠበበ ይመስለኛል። ከስድስት እስከ አስር ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ይቅማል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ለለመደው እረፍት ነው፤ ላልለመደው ግን ከተማው ሰዉን ሁሉ ሰብስቦ የደበቀ ይመስላል። እናቴ ከደጋ መጥታ እኔ ዘንድ በከረመችበት ጊዜ «የቀትር ጋኔን የሚለውን ዳዊት ላይ ስደግም የት አገር ይሆን እል ነበር፣ ለካ እዚህ ነው» ብላ ነበር። ስቄባታለሁ። ያኔ ምን አውቄ።

አስር ሰዓት ሲሆን ከተማው ይነቃል። ቀይና ቢጫ ድሪያ የለበሱ ሴቶች ሳምቡሳቸውን በትሪ ይዘው ብቅ ይላሉ፣ አንዱ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ባጂያ በአስር። ባጃጅ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ እሱንም ውድ ነው እያልን እናማርር ነበር። ወንዶቹ በጅቡቲ በኩል የመጣ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሴቶቹ ሻርፕ ጣል አድርገው ደረጃውን እያንቀጫቀጩ ይወጣሉ። ካሴት የምናጫውተው በተራ ነው፤ አንድ የኦሮምኛ፣ አንድ የሱማሊኛ፣ አንድ የሐረሪ፣ አንድ የአማርኛ። ማን ይቅደም የሚለው ግማሽ ሰዓት ያጨቃጭቃል። መስማት የተሳነው አንድ ልጅ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳርፎ ቆይቶ ከሁላችን በተሻለ ይጨፍር ነበር። እኔም ወገቤን ይዤ ዳር ላይ እወዛወዝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

የዝግጅቱ አስተዋዋቂ ሙክታር ነበር። አባቱ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ናቸው፤ ልጁን ገና በጨቅላነቱ ፖሊዮ እግሩን ይዞታል። ድምፅ ግን ተሰጥቶታል። ገና «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ጭቅጭቁ ሁሉ ጸጥ ይላል። ከተመረቀ በኋላ ሬዲዮ ላይ እንደሚገባ ማንም አልተጠራጠረም፣ እሱም ጭምር። አራት ጎረምሶች ከነዊልቸሩ ተሸክመው ያወጡታል፣ ያወርዱታል፤ እንዳይደናቀፉ ሃያ ሁለቱንም ደረጃ እየጮኹ ይቆጥራሉ። መንገድ ዳር የሚቀመጡ ሱቅ ጠባቂዎች ሳይቀሩ አብረው ይቆጥሩ ነበር። ሙክታር ሃያ ሁለት ሲባል ሁልጊዜ «ደርሰናል፣ ሻንጣችሁን አትርሱ» ይላል።

ስም የመጥራቱን ደንብ ያመጣችው ኢፍቱ ናት። በሁለተኛው ሐሙስ ነው መሰለኝ፣ ፊቷን አኮሳትራ መጣችና «ቲቸር፣ እናንተ ስትገቡ ትተያያላችሁ። እኔ ማን አለ ማን የለም የማውቀው ወሬ ሲጀመር ነው። ያልተናገረ ሰው ለእኔ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚገባ ሁሉ በሩ ላይ ስሙን ይናገራል፣ ሲወጣም ይናገራል። ኢፍቱ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ስንት ገባ ስንት ወጣ በልቧ ትይዛለች። ያ መስማት የተሳነው ልጅ በሩን ሁለቴ ያንኳኳል። መጀመሪያ ሳቁብን፤ በኋላ ለመዱትና ካፌም ገብተው ስማቸውን የሚናገሩ ሆኑ።

ይሁንና አንዳንድ ሐሙስ ቁጥሩ አንድ ይበልጥ ነበር። ኢፍቱ «አርባ አንድ ገብቷል» ትላለች፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ አርባ ነው። ደግሜ እቆጥራለሁ፣ አርባ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ «ማነው አርባ አንደኛው?» አልኳት። «ወንድ ነው» አለች ቀለል አድርጋ፣ «ስሙን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ በደንብ አይሰማኝም።» የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው እንኳን ሊገረሙ ቀና ብለውም አላዩኝ። «ተይው፣ ይሄ ቤት ድሮ የእኛ ሰዎች የሚጨፍሩበት ነው። ሐሙስ የደመወዝ ቀን ባይሆንም ይወዱታል» አሉ። ልጆቹ ወሬውን ሰምተው ኢፍቱን «ጂኒ ቆጣሪ» ብለው ስም አወጡላት። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ቁጥሯን ግን ከዚያ በኋላ ከቁም ነገር የጣፈው አልነበረም።

በዓመቱ መጨረሻ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። «ማንንም የማይተው ክበብ» መባላችን ከላይ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ ሊያዩን ነው። ከሰዓት በአውሮፕላን ስለሚመለሱ ዝግጅቱ ከአስር ሰዓት ወደ ረፋዱ አምስት ተዛወረ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አላየሁም። መጋረጃ አስሰፋሁ፣ ወንበር ተዋስኩ፣ ሙክታርን ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥኩት፤ ድምፁ ብቻ ሲሰማ ያምራል ብዬ ነው። ያንን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልመከረኝም። ጠዋት ላይ ደግሞ ኢፍቱን ጠርቼ «ዛሬ የስሙን ነገር እንተወው። እያንዳንዱ ባለሥልጣን በር ላይ እገሌ ነኝ እንዲል ልናስገድድ ነው? መሳቂያ አታድርጊን» አልኳት። «ስንወጣስ?» አለች። «ስንወጣም» አልኳት።

ዝግጅቱ ያማረ ነበር፣ አልዋሽም። እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ስድስት ተኩል ላይ ምሳ ተብሎ ሰዉ ደረጃውን ጎረፈ፤ ሚኒባስ ተደርድሯል፣ ሹፌር ጥሩምባ ይነፋል፣ ቶሎ በሉ ይባላል። ከተሸካሚዎቹ ሁለቱን ለእንግዶቹ የተዘጋጀውን ስጦታ ውሰዱ አልኳቸው። ሁለቱ ሙክታርን ለቀሩት ሁለት ተዉት፣ የቀሩት ሁለቱም ሌሎቹ ሊመለሱ ነው ብለው ተዉት። ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን አስገብተው አዩ፤ ሰው የለም፣ መጋረጃው ተዘግቷል። በሩን ቆልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ምሳው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በሚኒባስ አስር ደቂቃ የሚያስኬድ ሆቴል ነው። ሰባት ሰዓት አልፎ ሾርባ ሲቀርብ እኔ ከዲኑና ከዋናው እንግዳ መሃል ተቀምጫለሁ። እንግዳው «የእናንተን አሠራር ለሌላውም ማስተማር ይገባል» እያለኝ ነው። ያኔ ከቀኝ ጆሮዬ ሥር «ሙክታር ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም፤ ሐሙስ ሐሙስ በሩ ላይ እንደሚናገረው ነው፣ በጨዋ ድምፅ። ሙቀቱ ነው፣ ድካሙ ነው ብዬ ማንኪያዬን አነሳሁ። ደገመው። «ቲቸር፣ ሙክታር ነኝ።» ያን ጊዜ ከነወንበሬ ዞርኩ። ከኋላዬ ነጭ ግድግዳና አንድ የማይዞር ማራገቢያ ብቻ ነበር። ዓይኔን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሰደድኩት፤ ዊልቸር የለም። ተሸካሚዎቹ አራቱም ተቀምጠው ይበላሉ። ገባኝ። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ገባኝ። ተነስቼ ብጮህ፣ ማንንም አንተውም እያልን በምንመሰገንበት ማዕድ ላይ ሰው ትተን መምጣታችን ሊታወቅ ነው። ዲኑ «ምነው ሙሉ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ጆሮዬ ነው፣ ሙክታርን ቤተሰቦቹ ወስደውት ይሆናል፣ እንግዶቹ ይሂዱና አጣራለሁ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ሾርባውን ጨረስኩ። ሥጋውንም በላሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢፍቱ ከመጨረሻው ጠረጴዛ ተነስታ ቆመች። ዘንጓ ወድቆ ድምፅ ሲያሰማ ሰዉ ዞረ። «ሙክታር አሁን እዚህ በሩ ላይ ስሙን ሲጠራ ሰማሁት» አለች። «አልወጣም። አዳራሹ ውስጥ ነው።» ቤቱ ክው አለ። አንዱ «አዑዙ ቢላህ» አለ፣ ሌላዋ አማተበች፣ ወንበር ተገለበጠ፣ ሁሉም ወደ በሩ ሮጠ። ጋሽ ታደሰን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰን ቁልፉን አመጣን። በሩ ሲከፈት የወጣውን ትኩሳት ዛሬም ፊቴ ላይ አውቀዋለሁ፣ የዳቦ ምድጃ ሲከፈት እንደሚመታው ነው። ሙክታር ከመስኮቱ ሥር፣ ከዊልቸሩ ወድቆ ነበር። ከንፈሩ ደርቋል፣ ራሱን አያውቅም። መንገዱ ላይ ያኔም አንድ ሰው አልነበረም። ሲያወርዱት ማንም ደረጃ አልቆጠረም።

ሙክታር ተረፈ። ሐኪሙ ግን ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ እንዲህ ባልተጎዳ አለ፤ እኔን እያየ ነው ያለው፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ኩላሊቱ ታሞ ወራት ተኛ። አባቱ መጥተው ልብሱን በሻንጣ ሰበሰቡና «ልጄን ለትምህርት ነው የሰጠኋችሁ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኮሌጁ አልተመለሰም፤ ሬዲዮውም ቀረ። ክበቡ ቀጠለ፣ ስም መጥራቱም ቀጠለ፣ እኔ ሰርተፊኬት ተሸለምኩ። የሰማሁትን ለማንም አልተናገርኩም። የሆድን በሆድ ይዞ መኖር ይቻላል፣ በተለይ ተካፋይ ሲኖር። ለኢፍቱም ተሰምቷታል፣ ግን እሷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታለች፤ የቆየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም እያልኩ ስንት ሌሊት በዚህ ተጽናንቼ ተኝቻለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ተራ ጥግ ኢፍቱ የነገረችኝ ይህ ነው። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ያን ቀን እኮ ምንም አልሰማሁም።» «እንዴት ምንም?» አልኳት። «ወላሂ ምንም። ደረጃ ሲቆጠር አለመስማቴ ነው ሆዴን የቆረጠኝ። ሙክታር የታለ ብዬ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፣ ሦስቱም ሳያዩ ‹አለ› አሉኝ። ጂኒ ቆጣሪ የምትሉኝ ልጅ ሰው ጎደለ ብል ማን ይነሳል? ድምፅ ሰማሁ ካልኩ ግን ደንግጠው እንደሚነሱ አውቃለሁ። ዋሸሁ።» ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና «ምነው ዝም አልሽ? አለሽ?» አለች። አለሁ አልኳት። ቲማቲሙን የት እንደተውኩት አላውቅም።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቁጭ ብዬ የበላሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ማክሰኞ በባጃጅ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። ሙክታር እዚያ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ለሚፈልጉ ልጆች ማመልከቻ ይጽፋል። በየበዓሉ ስልክ ይደውልልኛል፣ እኔ ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን ደጁን አልረገጥኩም። ስደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል፣ አጠገቡ ያሉት ሱቆች ተዘግተዋል፣ የእሱ ብቻ ገርበብ ብሏል። በሩ ላይ ቆሜ «ሙሉ ነኝ» አልኩ። «ግቢ ቲቸር» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ጺሙ ሸብቷል፣ ድምፁ ያው ነው።

ውኃ ቀዳልኝ። አልጠጣሁትም። «ሙክታር፣ የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሳለሁ ድምፅህን ሰምቼሃለሁ» አልኩት። «ሰምቼህ አልተነሳሁም። በእንግዶቹ አፍሬ ነው። ኢፍቱ እስክትነሳ ድረስ በልቻለሁ።» እንባዬ ቀደመኝ። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። የምሰማው የማራገቢያውን ድምፅ ብቻ ነበር።

«እኔ እኮ ያኔ ድምፅ አልነበረኝም» አለ በመጨረሻ። «ሊያወርዱኝ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ በሩ ተቆለፈብኝ፤ በመስኮቱ ጮኼ ጮኼ አልቆብኝ ነበር። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። እንግዲያው በሆዴ አንድ ሰው ልጥራ አልኩ። እናቴን እንዳልጠራ ትደነግጣለች። ስለዚህ አንቺን ጠራሁ።»

ቀና ብዬ አየሁት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ምናለ።

«ሁለት ጊዜ ጠራሁሽ» አለኝ። «በሁለተኛው ከነወንበርሽ ዞር ስትዪ ታየኝ። ሰምታኛለች፣ ትመጣለች ብዬ መጥራቱን ተውኩት።»